የተዋጠ መድኃኒት በደምና በሽንት ውስጥ እንዴት ተለይቶ እንደሚለካ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ሰው በታመመ ጊዜ ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን በውሃ አወራርዶ ይውጣል፤ ከዋጠው በኋላ ግን ኪኒኑ ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ኪኒኑ በሆድ ውስጥ ይሟሟል፤ በአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል፤ ደምም አስቀድሞ ወደ ጉበት ያደርሰዋል፤ ጉበት ከፊሉን መልኩን ለውጦ ይለቀዋል፤ የቀረው በሰውነት ሁሉ ተሠራጭቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ ኩላሊት እያጣራ በሽንት ያስወጣዋል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ሳለ «በዛሬው ቀን፣ በዚች ሰዓት፣ በዚህ ሰው ደም ውስጥ ከመድኃኒቱ ስንት ይገኛል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በቍጥር ማግኘት የሚቻል መሆኑን የምናውቅ ደግሞ ከዚያም ያነስን ነን። የዛሬው ንግግራችን ይህ ቍጥር በምን ብልኀት እንደሚገኝና ለምን ጉዳይ እንደሚፈለግ ለማስረዳት የታሰበ ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለብቻው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩን ከአገራችን ምሳሌ እንጀምረው። ከአዳማ ተነሥቶ በዴራ በኩል ወደ አርሲ ደጋ የወጣ ሰው የሁሩታን ከተማ ያውቃታል። ሁሩታ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ዙሪያዋን ስንዴና ገብስ የሚበቅልባት፣ አየሯም ለጤና የተስማማ ከተማ ናት። ነገር ግን ከእርስዋ ቁልቁል የአዋሽ ሸለቆ ተዘርግቷል፤ ከ1954 ጀምሮ ስኳር ያመርት የነበረው የወንጂ እርሻ፣ በመስኖ የሚለማው አትክልት፣ የሶደሬ ፍል ውሃ ሁሉ በዚያው ቆላ ነው። ስለዚህ የደጋው ሰው ለሥራም፣ ለንግድም፣ ለጠበልና ለመታጠቢያም ወደ ታች መውረዱ አይቀርም። ወርዶም ጥቂት ሌሊት ያለ አጎበር ካደረ፣ ቀድሞ ንዳድ እንለው የነበረው የወባ በሽታ ይይዘዋል። በሽታው ደግሞ ወዲያው አይነሣም፤ ሁለት ሳምንት ያህል በሰውነት ውስጥ አድብቶ፣ ሰውየው ወደ ቤቱ ተመልሶ ስለ ጉዞው ከረሳ በኋላ በብርድና በትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ እንበል። ባለሙያው ደሙን በማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ ከሁለቱ ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች ቫይቫክስ የተባለውን አገኘበት። በአገራችን ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው የታወቀ መድኃኒት ክሎሮኪን ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 25 ሚሊ ግራም በሦስት ቀን ተከፋፍሎ ይሰጣል። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው በመጀመሪያው ቀን 4 ፍሬ፣ በሁለተኛው ቀን 4 ፍሬ፣ በሦስተኛው ቀን 2 ፍሬ ይውጣል ማለት ነው። ሰውየውም መድኃኒቱን ተቀብሎ ሄደ፤ ዳነም። ነገር ግን በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ።

ጥፋቱ የማን ነው? ምናልባት ሰውየው በሁለተኛው ቀን ቀለል ሲለው የቀሩትን ፍሬዎች ለሌላ ጊዜ አስቀምጦ፣ ወይም ለታመመ ወንድሙ አካፍሎ ይሆናል፤ ክሎሮኪን እጅግ መራራ መሆኑን የቀመሰው ሁሉ ያውቀዋልና ይህን ቢያደርግ አይገርምም። ምናልባት ሁሉንም ውጦ አስመልሶት ይሆናል። ምናልባት ኪኒኑ ራሱ ፀሐይና እርጥበት ያበላሸው፣ ወይም ከጅምሩ ልኩን ያልያዘ ይሆናል። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከርሞ እንደገና የመነሣት ጠባይ ስላለው፣ ይህም ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ፣ ይህ ከሁሉ የሚከፋው ነው፣ የወባው ሕዋስ መድኃኒቱን መቋቋም ተምሯል።

በተግባር የሚሆነውን እናውቃለን። ባለሙያው «መድኃኒቱን በሥርዓት አልዋጥህም» ይላል፤ ታማሚው «በእግዚአብሔር ስም ሁሉንም ውጫለሁ» ብሎ ይምላል። ምስክር የሌለበት ሙግት ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚረታው ነጭ ካፖርት የለበሰው ነው። የታማሚው ማፈር ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በእርግጥ መሥራት አቁሞ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱን ታማሚ ዋሾ እያሉ በማሰናበት ወሬው ለሚመለከተው ክፍል ሳይደርስ ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ ሙግት የማይዋሽ ምስክር ሊሆን የሚችለው የሰውየው ደም ነው።

ስለ ወባ ቸል ማለት ምን እንደሚያስከትል አገራችን በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መግቢያ (በአውሮፓ አቈጣጠር 1958) አይታዋለች። በዚያን ጊዜ የተነሣው ወረርሽኝ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን፣ ወባ እምብዛም የማይደፍራቸውን ቦታዎች ሁሉ አዳርሶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ሁሩታን የመሰሉ ከተሞች ከፍታቸው ከዚህ ወሰን ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ለሠራተኞቹም ማሠልጠኛ በናዝሬት፣ ማለት በዛሬዋ አዳማ፣ ተከፈተ።

አሁን ወደ ብልኀቱ እንግባ።

ደም በራሱ ውሃ፣ ጨው፣ ስኳር፣ ቅባት፣ እጅግ ብዙ የሥጋ ንጥረ ነገርና ቀይ ሕዋሳት የተቀላቀሉበት ነገር ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ መድኃኒቱ የሚይዘው ስፍራ ከምንም የማይቈጠር ነው። ለክሎሮኪን ሊቃውንት እንደ ወሰን የሚጠቀሙበት ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 100 ናኖ ግራም ነው፤ ናኖ ግራም ማለት የአንድ ግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ይህን ቍጥር በአሳብ መያዝ ስለሚያስቸግር እንዲህ አድርገን እናስበው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ግራም ያህል ይመዝናል እንበል። ይህን ጨው ባለ 200 ሊትር በሆኑ 250 በርሜሎች ውሃ ውስጥ አዳርሰን ብንበጠብጠው፣ የውሃው ጨውነት ልክ እንደዚያ ይሆናል። ምላስ ሊያውቀው አይችልም፤ መሣሪያውም ቢሆን ደሙን እንዳለ ቢያቀርቡለት ግራ ይጋባል። ስለዚህ ከመለካት በፊት መለየት ይቀድማል።

የመለየት ጥበብ መነሻው አንድ የግድያ ወንጀል መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። በ1850 በቤልጅግ አገር ቦካርሜ የተባለ መስፍን የሚስቱን ወንድም ኒኮቲን በተባለው ከትምባሆ ቅጠል በሚወጣ መርዝ ገደለው። በዚያ ዘመን የዚህ ዓይነት መርዝ ከሬሳ ውስጥ ሊገኝ አይችልም ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ መስፍኑ ተስፋ ያደረገው በዚሁ ነበር። ዣን ስታስ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ግን የሟቹን የሆድ ዕቃ በአልኮልና በአሲድ ካሟሟ በኋላ፣ አሲዱን በአልካሊ አፍርሶ፣ ኤተር ጨምሮ ናጠው፤ ኤተሩም ኒኮቲኑን ይዞ ወጣ። መስፍኑ በ1851 በሞት ተቀጣ፤ የስታስ ዘዴ ግን እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪው ይሠራበታል።

ዘዴው የሚሠራበት ምክንያት ከኩሽናችን የራቀ አይደለም። ቅቤ የነካው ነጠላ በውሃ ብቻ ቢታጠብ አይለቅም፤ ነዳጅ የነካው ጨርቅ ግን ቅባቱን ያነሣዋል፤ ጨው የፈሰሰበት እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ውሃ ወዳድና ቅባት ወዳድ የሆኑ ነገሮች አሉ ማለት ነው። እንደ ክሎሮኪንና እንደ ኒኮቲን ያሉት መድኃኒቶች ግን አንድ ልዩ ጠባይ አላቸው፤ ያሉበት ፈሳሽ ጎምዛዛ (አሲድ) ሲሆን የኤሌክትሪክ ጭነት ይዘው ውሃ ወዳድ ይሆናሉ፤ ፈሳሹ እንደ አመድ ውሃ አልካሊ ሲሆን ጭነቱን ጥለው ቅባት ወዳድ ይሆናሉ። ወዳጃቸውን እንደ ወቅቱ ይለውጣሉ ማለት ነው። የላቦራቶሪው ሠራተኛ የሚጠቀመው በዚህ ጠባያቸው ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ልኩ የታወቀ ደም በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ይደረጋል፤ ቀይ ሕዋሳቱ እንዲፈነዱ ጥቂት ውሃ ይጨመርበታል። ቀጥሎ አሞንያ ወይም ሌላ አልካሊ ይጨመርና ከውሃ ጋር የማይዋሐድ እንደ ኤተር ያለ ፈሳሽ ይፈስበታል። ቱቦው ተከድኖ እርጎ እንደሚናጥ በደንብ ይናጣል፤ ከዚያም በሚሽከረከረው መሣሪያ፣ በሴንትሪፉጅ፣ ሲዞር ደሙ ከታች፣ ኤተሩ ከላይ ይለያያሉ። ክሎሮኪኑ አሁን ከላይ ነው። ነገር ግን ከደሙ ቅባትም አብሮት ወጥቷል። ስለዚህ ኤተሩ ወደ ሌላ ንጹሕ ቱቦ ተቀድቶ ጥቂት አሲድ ያለበት ውሃ ይጨመርበትና እንደገና ይናጣል፤ ክሎሮኪኑ ወዳጁን ለውጦ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ቅባቱ በኤተሩ ውስጥ ይቀራል። ሁለት ጊዜ ወንዝ እንደ መሻገር ያለ ነገር ነው፤ መድኃኒቱን የተከተለው ጉድፍ ሁለተኛውን ወንዝ መሻገር ያቅተዋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ግን በራሱ ደካማ አሲድ ስለሆነ ሥራው ሁሉ ይገለበጣል፤ እርሱን በአሲድ አውጥቶ በአልካሊ መመለስ ያስፈልጋል።

ከሽንት ማውጣት ከዚህ ይቀላል፤ ሽንት ቀይ ሕዋስም ብዙ የሥጋ ንጥረ ነገርም የለበትምና። ለክሎሮኪን ከ1949 ጀምሮ የታወቀ ቀላል የሽንት ምርመራ አለ። ዲልና ግላዝኮ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ያወጡት ነው። ኤኦሲን የተባለው ቀለም በክሎሮፎርም ውስጥ ይሟሟል፤ ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ላይ ከዚህ ጥቂት ጠብታ ጨምሮ መነቅነቅ ነው። ክሎሮፎርም ከውሃ ስለሚከብድ ከቱቦው ሥር ይዘቅጣል፤ በሽንቱ ውስጥ ክሎሮኪን ካለ ቢጫ የነበረው ዝቃጭ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል። መብራት በሌለበት ጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል፣ ዋጋውም ትንሽ የሆነ ምርመራ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ባይመኩበት ይሻላል። አንደኛ፣ ኪኒንን የመሰሉ ሌሎች መድኃኒቶችም ቀለሙን ሊለውጡት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ክሎሮኪን ከሰውነት የሚወጣው እያዘገመ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው በግማሽ ለመቀነስ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ቀለሙ ሲለወጥ ሰውየው የዋጠው የዛሬ ሳምንት ይሁን የዛሬ ወር አይናገርም። ሦስተኛ፣ ብዙ ውሃ ወይም ጠላ የጠጣ ሰው ሽንቱ ይቀጥናል፤ የሽንቱ ጎምዛዛነት ሲጨምር ደግሞ የሚወጣው ክሎሮኪን ይበዛል። በአጭሩ የሽንቱ ምርመራ «አዎ» ወይም «የለም» ይላል እንጂ «ስንት» ለሚለው መልስ የለውም።

«ስንት» የሚለውን የሚመልሱት መሣሪያዎች ናቸው። ቀደም ያለው መንገድ በብርሃን መለካት ነው። ክሎሮኪን በዓይናችን የማናየውን፣ ርዝመቱ 343 ናኖ ሜትር ያህል የሆነውን ብርሃን አጥብቆ ይውጣል። ብርሃኑን በንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ አሳልፎ፣ ቀጥሎም መድኃኒቱ በተለየበት ፈሳሽ ውስጥ አሳልፎ ምን ያህሉ እንደ ጐደለ ማየት ነው፤ የጐደለው በበዛ ቍጥር መድኃኒቱ በዝቷል።

የዛሬው መንገድ ግን በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ ክሮማቶግራፊ ይባላል። ስሙ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን በገበያ ቀን መንገድ ላይ የምናየው ነው። ከሁሩታ ገበያ መግቢያ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ተነሥተው ወደ መውጫው ቢሄዱ፣ ጉዳይ የሌለው ሰው ወዲያው ይደርሳል፤ ዘመድ የበዛበት በየደረጃው ሰላምታ እየሰጠ ይዘገያል፤ በየሱቁ ገብቶ ዋጋ የሚጠይቀው ከሁሉ ኋላ ይመጣል። በመሣሪያውም ውስጥ እጅግ የደቀቀ ዱቄት በጥብቅ የተጠቀጠቀበት የብረት ቱቦ አለ፤ ፈሳሹ በኀይል እየተገፋ ሲያልፍ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር እንደ ጠባዩ ከዱቄቱ ጋር እየተጣበቀ፣ እያንዳንዱም በራሱ ደቂቃ ይወጣል። በመውጫው ላይ የተቀመጠው ዓይን የወጣውን ያያል፤ በወረቀትም ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ያለ ምልክት ይጽፋል። የተራራው ስፋት የመድኃኒቱ ልክ ነው። በመውጫው ላይ የንጥረ ነገሮችን ክብደት ለይቶ የሚያውቅ ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለ መሣሪያ የተተከለ እንደ ሆነ ደግሞ ማን እንደ ወጣ ከሞላ ጐደል ሳይሳሳት ይናገራል።

የተራራው ስፋት ወደ ናኖ ግራም የሚለወጠው ግን በመሣሪያው ዕውቀት አይደለም፤ በሰው ጥንቃቄ ነው። ይህን ክፍል የሒሳብና የቁጥጥር ሥራ የሚሠሩ አንባቢዎቻችን በተለይ ይወዱታል ብዬ አስባለሁ። ሠራተኛው መድኃኒት ካልዋጠ ሰው በተወሰደ ደም ውስጥ 25፣ 50፣ 100፣ 200፣ 400 ናኖ ግራም እያለ በእጁ መዝኖ ይጨምራል፤ እነዚህንም እንደ ታማሚው ደም በዚያው መንገድ አሳልፎ የእያንዳንዱን ስፋት ይመዘግባል። የታማሚው ስፋት ከነዚህ ጋር ተመዛዝኖ ልኩ ይታወቃል። ምንም ያልተጨመረበትም ደም አብሮ ይመረመራል፤ ከዚያ ውስጥ ክሎሮኪን ከተገኘ ቱቦው ቆሽሿል ማለት ስለሆነ የዕለቱ ሥራ ሁሉ ይሰረዛል።

ገና አንድ ችግር አለ። በመናጥና በመቅዳት መካከል ከመድኃኒቱ ጥቂቱ መጥፋቱ አይቀርም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው፣ ጠባዩ እንደ መድኃኒቱ የሆነ ሌላ ውሕድ በታወቀ ልክ ከደሙ ጋር ይቀላቀላል። ይህ አብሮ ተጓዥ መድኃኒቱ ባለፈበት ሁሉ ያልፋል፤ የሚጠፋውም በዚያው መጠን ነው። ለምሳሌ ከአብሮ ተጓዡ 80 በመቶው ብቻ ወጥቶ፣ የክሎሮኪኑ ልክ 88 ሆኖ ቢነበብ፣ እውነተኛው ልክ 88 ለ0.8 ተካፍሎ 110 ይሆናል። ወሰኑ 100 መሆኑን አንርሳ። ይህ ትንሽ ሒሳብ ባይሠራ ኖሮ «በደሙ ውስጥ በቂ መድኃኒት የለም» ይባልና ታማሚው በከንቱ ይወቀስ ነበር።

ወሰኑ የሚነበበው እንዴት ነው? ጉበት ክሎሮኪንን ለውጦ ዴስኤቲል ክሎሮኪን የተባለውን ያወጣል፤ ይኸኛውም ወባን ስለሚገድል ሁለቱ ይደመራሉ። ክሎሮኪን በቀይ ሕዋሳት ውስጥ ስለሚከማች ደግሞ የሚለካው ሕዋሳቱ ያልተለዩበት ሙሉ ደም ነው። ትኩሳቱ በተመለሰ ቀን ደሙ ሲለካ ድምሩ ከ100 ናኖ ግራም በታች ከሆነ፣ መድኃኒቱ በቂ አልነበረም፤ ምክንያቱ አለመዋጥ ይሁን፣ ማስመለስ ይሁን፣ የኪኒኑ ብልሽት ይሁን ወደ ኋላ ተሂዶ ይመረመራል። ከ100 በላይ ሆኖ ሳለ የወባው ሕዋስ በደሙ ውስጥ በሕይወት ከተገኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሕዋሱ ከፊተኛው የተረፈ ይሁን፣ ከጉበት የተነሣ ይሁን፣ በአዲስ ትንኝ የገባ ይሁን፣ ሊገድለው በሚገባ መድኃኒት መካከል ተራብቷልና መድኃኒቱን ተቋቁሟል ይባላል። ከላይ የቈጠርናቸው ብዙ «ምናልባቶች» በአንድ ቍጥር ሁለት ላይ መከፈላቸው የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም ይመስለኛል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ክሎሮኪንን መቋቋሙ በአገራችን ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየታወቀ ስለ መጣ፣ በ1998 በሌላ መድኃኒት ተተካ፤ ያም በ2004 አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን በአንድነት ለተቀመሙበት መድኃኒት ስፍራውን ለቀቀ። ለቫይቫክስ ግን ክሎሮኪን ቀጠለ። ከአዳማ ብዙ በማትርቀው በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) የተደረገና በ2008 የታተመ ጥናት፣ በክሎሮኪን ከታከሙት የቫይቫክስ ታማሚዎች ከመቶ አምስት በማይሞሉት ላይ ሕክምናው እንዳልሠራ አስታውቋል። ቍጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከዚያው ቦታ ቀደም ብሎ የተገኘው ሁለት በመቶ ስለ ነበር ተመራማሪዎቹ ጉዳዩ በየጊዜው እንዲታይ አሳሰቡ። እንዲህ ያለውን ትንሽ ለውጥ ከወሬ ለይቶ ማወቅ የሚቻለው በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ሲለካ ነው።

መሣሪያው በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ይገኛል ተብሎም ተስፋ አይደረግም። ደሙ ግን ወደ መሣሪያው ሊሄድ ይችላል። ጣት ተወግቶ የሚወጣው ደም በወፍራም ማጣሪያ ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል፤ በጥላ ሥር ይደርቃል፤ ከዚያም እርጥበት እንዳይነካው በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በመኪና ይላካል። ከሁሩታ አዲስ አበባ፣ ካስፈለገም ባሕር ማዶ ድረስ፣ በረዶ ሳይፈልግ ይደርሳል። ለዚህ የሚበቃው ደም የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ ነው፤ በወሰኑ ላይ ያለ ሰው ከሆነ በዚያ ወረቀት ላይ ያለው ክሎሮኪን በጠቅላላው 10 ናኖ ግራም ነው ማለት ነው።

መድኃኒትን በደም መለካት ራሱ ያደገው በወባ ምክንያት መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ይገባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942 ጃፓኖች የኪኒን ዛፍ የሚበቅልባትን የጃቫን ደሴት ሲይዙ፣ አሜሪካኖች አታብሪን የተባለውን በፋብሪካ የሚሠራ መድኃኒት ለወታደሮቻቸው መስጠት ግድ ሆነባቸው። መድኃኒቱ ግን ቆዳ ቢጫ ከማድረጉ በላይ ለታመመ ሰው ቶሎ አይደርስም ነበር። በኒው ዮርክ በጎልድዋተር ሆስፒታል ጄምስ ሻነን የሚመራቸው በርናርድ ብሮዲና ጓደኞቹ አታብሪንን ከደም አውጥተው ሲለኩ፣ በደም ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት፣ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ግን እጅግ ብዙ ሆኖ አገኙት። ሰውነት እንደ ደረቀ መሬት መጀመሪያ ይጠጣዋል፤ እስኪጠግብ ድረስ ለደም አይተርፍም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ሰጥቶ በኋላ ጥቂት እንዲሰጥ ተወሰነ፤ መድኃኒቱም ሠራ። ክሎሮኪንም በመጀመሪያው ቀን በዛ ብሎ የሚጀመረው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ከወባ ወጥተን ሌላ ጉዳይ እናንሣ፤ ይህ በቀጥታ የእኛን የኢትዮጵያውያንን ሰውነት የሚመለከት ነው። አንድ ኪኒን ለሁሉ ሰው እኩል እንደማይሠራ በ1975 በለንደን ሮበርት ስሚዝ የተባለ ሊቅ በራሱ ላይ አየው፤ ደብሪሶኪን የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ከባልደረቦቹ ጋር ለሙከራ ሲውጥ፣ ሌሎቹ ደኅና ሲሆኑ እርሱ ግፊቱ ወርዶ ወደቀ። ጉበቱ መድኃኒቱን የሚለውጥበት ኀይል በዘር ጐድሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ ኀይል የሚመረመረው በሽንት ነው። ሰውየው 10 ሚሊ ግራም ውጦ የ8 ሰዓት ሽንቱን ያጠራቅማል፤ በሽንቱም ውስጥ ያልተለወጠው መድኃኒት ለተለወጠው ተካፍሎ ይታያል። ውጤቱ ክፍልፋይ ስለሆነ ከሽንቱ ጥቂት ቢፈስ እንኳ መልሱ አይበላሽም፤ ይህ ያሰቡት ሰዎች ብልኅነት ነው።

በስቶክሆልም በካሮሊንስካ ተቋም የሚሠሩት ኢትዮጵያዊቷ ሊቅ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29 የሚሆኑት ይህን ኀይል የሚሰጠውን ዘረ መል ከመጠን በላይ ደጋግመው የያዙ መሆናቸውን አሳዩ። በሰሜን አውሮፓ ሕዝብ ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ጥቅሙ ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ለሕመም ማስታገሻና ለሳል የሚሰጠው ኮዴይን የሚያስታግሰው ጉበት ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው፤ ጉበቱ የሚፈጥንበት ሰው ግን ከተለመደው መጠን ብዙ ሞርፊን በአንድ ጊዜ ያገኛል፤ ትንፋሹም ሊቆም ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ቶንሲላቸው ለተቈረጠ ሕፃናት ኮዴይን እንዳይሰጥ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ልጁን ለቀዶ ሕክምና የሚወስድ ኢትዮጵያዊ አባት፣ በአገርም ሆነ በውጭ አገር፣ ይህን ለሐኪሙ ቢያነሣ ነውር የለበትም።

ይሁን እንጂ ዘር ብቻ አይደለም የሚወስነው። በ2002 በወጣው ሌላ ጥናት፣ አንድ ዓይነት ዘረ መል ያላቸው ኢትዮጵያውያን በስዊድንና በኢትዮጵያ ሆነው ሲመረመሩ፣ በአገራቸው ያሉት መድኃኒቱን የሚለውጡት በዝግታ ሆኖ ተገኘ። በምግባችን ወይም በአካባቢያችን ያለ አንድ ነገር ጉበቱን ያዘገየዋል ማለት ነው። ከተጠረጠሩት አንዱ ጫት ነው፤ በ2015 የታተመ ሌላ ምርመራ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ጫት ቅመው ዴክስትሮሜቶርፋን የተባለውን የሳል መድኃኒት ሲወስዱ ያ የጉበት ኀይል እንደሚዳከም አሳይቷል። በየመንም በ1997 አምፒሲሊን የተባለው መድኃኒት ከጫት ጋር ሲወሰድ ወደ ሽንት የሚደርሰው ልክ እንደሚቀንስ፣ ማለት ከሆድ ወደ ደም በሚገባ እንደማይገባ፣ በሽንት ተለክቶ ታውቋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወዳጆቹ ጋር እየቃመ ኪኒኑን በለስላሳ የሚያወራርድ ሰው ይህን ቢሰማ መልካም ነው።

በመጨረሻ፣ በየሆስፒታሉ «የመድኃኒት መጠን በደም» ተብሎ ምርመራ የሚታዘዝለት ሰው ሊያውቀው የሚገባውን ጥቂት እንናገር። ቍጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ኪኒኑ የተዋጠበትና ደሙ የተቀዳበት ሰዓት አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ለብዙዎቹ መድኃኒቶች ደም የሚሰጠው የሚቀጥለው ኪኒን ከመዋጡ በፊት ነው፤ «ባዶ ሆዴን አልሄድም» ብሎ ጧት ኪኒኑን ውጦ የሚመጣ ሰው የሐኪሙን ሥራ ያበላሻል። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው ግን መድኃኒቱ በግማሽ ለመቀነስ አራት ቀን ያህል ስለሚፈጅ፣ የሰዓቱ ጉዳይ ያን ያህል አያስጨንቀውም፤ እርሱን የሚያስጨንቀው መጠኑ ከተለወጠ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ሳይቆይ መለካቱ ነው፤ ቍጥሩ ገና እየወጣ ወይም እየወረደ ነውና። ጫት፣ የባህል መድኃኒት፣ ከጐረቤት የተገኘ ኪኒን ካለም በግልጽ ይነገር፤ ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ መሣሪያው በወረቀቱ ላይ ያልታወቀ ተራራ ሲጽፍ መጠየቁ አይቀርም።